«ገምት፣ ማን ነኝ?» ለምትሉኝ የድሮ ባሕረኞች

ስልክ ደውሎ «ድምፄን ረሳኸው?» የሚለኝ ሰው ደሜን ያፈላዋል። አዎ፣ ረሳሁት! ከተለያየን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖናል። ደግሞስ እኔ የሞተር ክፍል ሰው ነበርኩ፤ እዚያ ውስጥ ሞተሩ ሲነሳ የምንግባባው በእጅ ምልክት ስለነበር የማንንም ድምፅ አጥርቼ ሰምቼ አላውቅም። አሁን በስተርጅናዬ ኮምቦልቻ ገበያ መካከል ቁጭ ብዬ ሽንኩርት ስመርጥ የማላውቀው ቁጥር ይደውልና «እስቲ ገምት!» ይለኛል። እገምታለሁ፣ እሳሳታለሁ፣ እሱ ይቀየማል። «አብሮ የበላ እንዲህ ይረሳል?» ብሎ ጆሮዬ ላይ ይዘጋዋል። መልሼ ስደውል አይነሳም። ከወራት በኋላ ከሌላ ሰው እሰማለሁ፤ ያ ደዋይ ስፈልገው የኖርኩት የኮርስ ጓደኛዬ ነበር።

ወገኖቼ፣ ስም መናገር ምን ይከብዳል?

ለማታውቁኝ፣ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት ሸዋ በር አካባቢ ነው። በደርግ ጊዜ ባሕር ኃይል ገብቼ ምጽዋ ሰለጠንኩ። ከዚያ በፊት የማውቀው ትልቅ ውኃ ቦርከና ክረምት ላይ ሲሞላ ነው። ዛሬ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ወደብ ያላት ከተማ ናት፣ ደረቅ ወደብ። የሰፈሩ ልጆች ሲያልፉ «ጋሼ፣ መርከቡ መቼ ይገባል?» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም እስቃለሁ፣ ምን አደርጋለሁ።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ ሰሞኑን «የቀድሞ ወታደሮች እኮ ይገናኛሉ፣ እናንተ ምን ነካችሁ?» አለኝ። ምን እንደነካንማ ልንገረው። እግረኛውም ተበትኗል፣ እስከ ሱዳን ድረስ ተሰዷል፣ አውቃለሁ። እኛ ግን የተበተንነው ከነመርከባችን ነው። የካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ስትገባ የተረፉት መርከቦች ወደ አሰብና ወደ ዳህላክ ደሴቶች ዞሩ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. አሰብም ሲያበቃለት መርከቦቹ ቀይ ባሕርን አቋርጠው ወጡ፤ የሚበዙት የመን ገቡ። በዚያች ሰዓት መርከብ ላይ የነበረ ሰው የመን አደረ፤ ለፈቃድ ቤተሰቡ ዘንድ የሄደ እዚያው ቀረ፤ የተማረከ ተማረከ፤ ኤርትራዊ የነበረው ጓደኛችን ደግሞ ያደረው አገሩ ነው፣ በማግሥቱ ግን ሌላ አገር ሆነብን። የአንድ ክፍል ሰዎች፣ ባንድ ሳምንት ውስጥ፣ አራት ቦታ! «ኢትዮጵያ» የምትባለው ትልቋ መርከባችን፣ በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የመጣችው፣ የንጉሡ ዘመን ሰዎች ስሟን ሲጠሩ ዓይናቸው እንባ የሚያቀርባት፣ የመን ቆማ ቆይታ በ1985 ዓ.ም. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። መርከቡ ብረት ሆኖ ሲሸጥ የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ማን ያስቀምጣል?

ድሮ ለዚህ መፍትሔ ነበረን፤ የአሰብ ሾፌሮች። ከአሰብ የሚነሳው መኪና በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባል። ሾፌሩ ኮምቦልቻ ምሳውን ሲበላ የሁላችንንም ወሬ ያራግፋል። ማን ታመመ፣ ማን አገባ፣ ማን ከየመን ተመለሰ፣ ማን አሰብ ወደብ ላይ በቀን ሥራ ይኖራል። ደብዳቤ ያመጣል፣ ገንዘብ ያደርሳል፣ አንዳንዴ ሰውየውን ራሱን ከጎኑ አስቀምጦ ይዞት ይመጣል። በፖስታ ሣጥን ቁጥር የላክነው ደብዳቤ ወር ሲፈጅ የሾፌሩ መልእክት በሁለተኛው ቀን ቤት ገብቶ ቡና ይጠጣ ነበር። ከደርግ ውድቀት በኋላም ቢሆን መንገዱ ክፍት ስለነበር ወሬው አልተቋረጠም። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ተዘጋ፣ መኪናው ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። ስለ ወደቡ ብዙ ተብሏል፤ ስለዚያ የሾፌሮች ወሬ ግን ያለቀሰ ሰው አላየሁም። እኔ አልቅሻለሁ።

ስልኩም አብሮ ተዘጋ። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ የስልክ መስመር ሲከፈት ታስታውሳላችሁ? ሰው ዝም ብሎ የመጣለትን ቁጥር እየመታ ከማያውቀው የአስመራ ሰው ጋር «እንዴት ናችሁ?» እየተባባለ ሲያለቅስ ሰነበተ። የእኛ ነገር የተገላቢጦሽ ነው፤ የምናውቀው ሰው አለን፣ ቁጥሩ የለንም። የድሮ ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ የተጻፉት ቁጥሮች በ1998 ዓ.ም. የስልክ አሃዝ ሲጨመር ሞተዋል። እሺ፣ ከፊታቸው 033 ጨምሬ፣ አሃዝ እየገመትኩ ልሞክር ብዬ ስደውል የሚነሳልኝ ዳቦ ቤት ነው።

ስሙስ? ስማችን ራሱ አንድ ፈተና ነው። የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ የለንም። ደሴ ፒያሳ ላይ ቆመህ «ሰይድ!» ብለህ ተጣራ፤ መንገዱ ይቆማል። ሰይድ መሐመድን ስትፈልግ መሐመድ ሰይድ ይመጣልሃል፤ እሱም ባሕር ኃይል ነበርኩ ይልሃል፣ እውነቱንም ነው! በዚያ ላይ እዚያ የምንጠራራው በቅጽል ስም ነበር። አብሬው ዓመት የኖርኩትን ሰው እውነተኛ ስሙን የሰማሁት ደመወዝ ሲከፈል ብቻ ነው፤ እሱንም ከኋላ ቆሜ፣ በደንብ ሳልሰማ። አሁን ትውልድ ቀበሌው ሄጄ ያንን ቅጽል ስም ብጠራ ሚስቱ በድንጋይ ታባርረኛለች።

እንግዲህ ዘመን መጣ፣ ቴሌግራም መጣ፣ ሁላችንም ባንድ ቦታ ተሰበሰብን። እልል አልኩ። ከዚያስ? ጠዋት የጽጌረዳ ሥዕል፣ ከሥሩ «መልካም ቀን»። ቀትር ላይ የሆነ ቅጠል ስኳር በሽታን ያጠፋል የሚል ድምፅ። ማታ የጽጌረዳ ሥዕል፣ ከሥሩ «መልካም ሌሊት»። በዓል ከሆነማ የስልኬ ማኅደር ሞልቶ የልጅ ልጄን ፎቶ ለመያዝ ቦታ አጣለሁ። መካከል ላይ አንዱ ከየትም ብቅ ይልና «አለሁ» ብሎ ይጽፋል። ማን ነህ አንተ? የት ነው ያለኸው? የትኛው ዙር ነህ? መልስ የለም። ሃያ ሰው ሁለት እጁን ለጸሎት ያጋጠመ ምልክት ይልክለታል፤ እሱም ተመልሶ ወደመጣበት ይገባል።

ፎቶውን ደግሞ አታንሱብኝ። አንድ ሰው ነጭ ልብስ የለበሱ ጎረምሶች ምጽዋ አጠገብ፣ ጉርጉሱም የባሕር ዳርቻ ላይ ቆመው የሚያሳይ ፎቶ ለጠፈ። እጄ እየተንቀጠቀጠ አሰፋሁት። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የማውቀው ፊት አየሁ። ከሥሩ የተጻፈው ምንድን ነው? «ወጣትነት ደጉ!» ወጣትነት ደግ እንደነበርማ እኔም አውቃለሁ፤ ጉልበቴ በየቀኑ ይነግረኛል። ከግራ ወደ ቀኝ ስማቸውን ጻፍልኝ! ዓመተ ምሕረቱን ጻፍልኝ! ለመንኩት። «አይ ጊዜ!» ብሎ መለሰልኝ።

ተሟልቶ የሚጻፍ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ መርዶ። ሰው ሲሞት ሁሉም ጸሐፊ ይሆናል። ስም ከነአያት፣ የትውልድ ቦታ ከነወረዳው፣ የሠለጠነበት ዘመን፣ ያገለገለባት መርከብ፣ የልጆቹ ብዛት፣ ቀብሩ የሚፈጸምበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ሰዓቱ ሳይቀር። ቅጽል ስሙ እንኳ በቅንፍ ይገባል! በዚያ ዓይነት መርዶ፣ አጠገቤ ደሴ ውስጥ ዓመታት የኖረ ሰው እንደነበረኝ ያወቅኩት በተቀበረ ማግሥት ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ከመውረድ ያለፈ መንገድ በመካከላችን አልነበረም። ይህን ሁሉ ዝርዝር ከየት አመጣችሁት? ካላችሁስ፣ ሰውየው በቁሙ ሳለ አንድ ቀን ብትጽፉት ጣታችሁ ይሰበራል?

ናፍቆት ብቻ አይምሰላችሁ። የቀድሞ አገልግሎቴን የሚያረጋግጥ ወረቀት ፈልጌ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ጨዋ ልጅ ናት፤ «አባቴ፣ አብረውዎት ያገለገሉ ሁለት ምስክሮች ያምጡ» አለችኝ። አመጣለሁ አልኩ። «ምስክሮቹም ማገልገላቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ይዘው ይምጡ» አለች። የእነሱስ ማስረጃ እንዴት ይገኛል? «እነሱም ምስክር ያቀርባሉ»። ቆጠርኩት፤ በዚህ ስሌት አንድ ወረቀት ለማግኘት መላው የቀይ ባሕር ጦር ተሰብስቦ ደሴ መግባት አለበት። ልጅቷን አልወቅሳትም፣ የታዘዘችውን ነው የምትሠራው። ያዘዘውን ሰው ግን አንድ ሐምሌ ምጽዋ ሙቀት ላይ ባስቀምጠው ደስ ይለኛል።

የነበረን ወረቀትም በየምክንያቱ አልቋል። ከፊሉ መርከብ ላይ ቀረ፣ ከፊሉን በ1983 ዓ.ም. ሰው ፈርቶ አቃጠለው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ደግሞ የብዙ ሰው ቤት ተዘረፈ፤ ዘራፊ የአሮጌ ፎቶ አልበም ምን ያደርግለታል? ግን ሣጥኑን ሲወስድ አልበሙም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አሁን ማስረጃችን እርስ በርሳችን ብቻ ነን፤ እሱም ስሙን የማይናገር ማስረጃ።

ከዚህ የተነሳ የሚደውልልኝ ሰው ግማሹ የናፈቀኝ መስሎኝ ልቤ ይቀልጥና ምስክር ፈላጊ ሆኖ ይገኛል። አልከፋም፣ እኔም ፈላጊ ነኝ። ግን የማላውቀው ሰውም «አብረን ነበርን» ይላል። ስለዚህ እፈትናለሁ። «ሐምሌና ነሐሴ የት ነበር የምትተኛው?» እላለሁ። «ክፍላችን ውስጥ፣ አልጋዬ ላይ» ካለ ምጽዋን በካርታ እንጂ በአካል አያውቃትም። ያወቃትማ ከመጠየቄ በፊት ሙቀቱን ያማርራል።

በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉ እንደገና ይቋቋማል ሲባል፣ በማግሥቱ ዓመትም ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈረመ ሲባል፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ተጠራህ ወይ?» አለኝ። በዚህ ጉልበት? ይልቅ አዲሶቹን ልጆች አንድ ነገር ልምከራቸው፤ ዛሬውኑ የጓደኞቻችሁን ስም ከነአያታቸውና ከነመንደራቸው ጽፋችሁ እናታችሁ ዘንድ አስቀምጡ። መርከብ ላይ አይደለም፣ እናታችሁ ዘንድ!

ለእኛ ለአሮጌዎቹ ደግሞ፣ በመውሊድ ሆነ በፋሲካ የጽጌረዳውን ነገር እንተውና እያንዳንዳችን አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ይህን እንጻፍ፦ ሙሉ ስም ከነአያት፣ ትውልድ ቦታ፣ የሠለጠንበት ዓመት፣ ሥራችን፣ ያገለገልንባት መርከብ ወይም ጀልባ፣ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የት እንደነበርን። ከሶቪየት የመጡት፣ ፍሪጌት የሚባሉት የጦር መርከቦች ላይ ከነበርክ ፍሪጌት በል፤ ሚሳኤል ተኳሾቹ ጀልባዎች ላይ ከነበርክ እሱን በል። ወጥ ቤት ከነበርክም አትፈር፤ የሚታወሰው መጀመሪያ አብሳዩ ነው።

እነሆ፣ እኔ ልጀምር። የምፈልገው ሰው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ የወልዲያ አካባቢ ልጅ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ምጽዋ የሠለጠነ፣ ታንክ በሚያራግፉት መርከቦች ላይ የሠራ፣ በግራ እጁ የሚጽፍ፣ የቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው። እናቱ ሙስሊም፣ አባቱ ክርስቲያን ስለነበሩ ሁለት ስም ነበረው፤ የትኛውን ይዞ እንዳረጀ አላውቅም። ቅጽል ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ ልጆቹ ያነቡ ይሆናል፤ በግል ለጠየቀኝ እነግረዋለሁ። በመጨረሻ የተያየነው አሰብ ነው፣ ምጽዋ ከተያዘች በኋላ። በዚያን ሌሊት ሬዲዮኔን ተውሶኝ ነበር፣ ለአንድ ሌሊት ብሎ። ሬዲዮኑን አልጠይቀውም። እሱ ግን ያለብኝን ብድር ካነሳብኝ፣ እኔም ሬዲዮኑን አነሳለሁ።