ናኖን ቅንጦት ያሉን ኃላፊ ሳሙናንም አላወቁትም

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ኃላፊ የናኖ ምርምር (በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ የሚለኩ ቅንጣቶች ጥናት) ለድሃ አገር ቅንጦት እንደሆነ፣ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰሮቻችንም ሳሙና መሥራት ቢያስተምሩ እንደሚሻል ሲናገሩ ሰማሁ። አወያዩ ራሱን ነቅንቆ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። እንዲህ ያለ ነገር ግን በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

ከሳሙናው ልጀምር። የሳሙና ሞለኪውል አንዱ ጫፉ ውኃ ይስማማዋል፣ ረጅሙ ጭራው ደግሞ ቅባት። ቆሻሻን ከብቦ ከውኃው ጋር የሚወስደው በዚህ ባሕርይው ነው። የናኖ ቅንጣቶች ተጣብቀው እንዳይጓጎሉ የሚጠብቋቸውም የዚሁ ዓይነት ባለ ጭራ ሞለኪውሎች ናቸው፤ በአንድ ጫፋቸው ቅንጣቱን ይይዛሉ፣ ጭራቸውን ወደ ፈሳሹ ይዘረጋሉ። ኃላፊው ሁለቱን ያጣሏቸው የሁለቱንም ኬሚስትሪ ስላላወቁ ነው።

«ቅንጦት» ለተባለው ደግሞ የናኖ ኬሚስቱ የፕሮፌሰር ሙንጂ ባዌንዲ የሥራ ዘመን በቂ መልስ ነው። አባታቸው ቱኒዚያዊ የሒሳብ ሊቅ ነበሩ። እሳቸው ፓሪስ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ሃርቫርድ ገብተው በመጀመሪያው የኬሚስትሪ ፈተና ከ100 ያገኙት 20 ብቻ ነበር። እኛ ዘንድ ቢሆን ኖሮ ያ ውጤት የኬሚስትሪ ሕይወታቸው ፍጻሜ ይሆን ነበር።

እሳቸው ግን ገፉበት፤ በ1990 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በአሜሪካው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በኤም አይ ቲ መምህር ሆኑ። የናኖ ክሪስታል ቀለም እንደ መጠኑ እንደሚለወጥ ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኤኪሞቭ በመስታወት፣ አሜሪካዊው ብሩስ በፈሳሽ ውስጥ አስቀድመው አሳይተዋል። የቸገረው ሁሉንም ቅንጣት እኩል መጠን ማድረግ ነበር። በ1993 ባዌንዲና ተማሪዎቻቸው ካድሚየምና ሴሊኒየም ያለበትን ፈሳሽ በመርፌ ወደ ጋለ ፈሳሽ በአንድ ጊዜ ገፉት። ጥቃቅን ክሪስታሎች ባንድ አፍታ ተፈጠሩ። የተጨመረው ፈሳሽ ሙቀቱን ስላወረደው አዲስ ክሪስታል መፈጠሩ ቆመ፤ የተፈጠሩት ደግሞ እንደገና ቀስ ብለው ሲሞቁ እኩል እያደጉ ሄዱ። ትንንሾቹ ሰማያዊ፣ ተለቅ ያሉት ቀይ ብርሃን ይሰጣሉ። የሥራው ዕቃ ምንድን ነው? የመስታወት ብልቃጥ፣ ማሞቂያ፣ ቴርሞሜትር፣ መርፌ፣ አየር እንዳይገባ የሚከላከል ጋዝ። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ውድ ነው፣ አልክድም፤ እሱን ግን ዩኒቨርሲቲዎች አዋጥተው በጋራ ሊገዙት ይችላሉ።

በገንዘብ የማይገዛው ትዕግሥት ነው። ከዚያ ግኝት አንስቶ ቅንጣቶቹ ያሉበት ቴሌቪዥን ገበያ እስኪወጣ 20 ዓመት ፈጀ፤ የኖቤል ሽልማቱም በ2023 መጣ። በየዓመቱ መጨረሻ «ምን አመረታችሁ?» የሚል ቢሮ ባዌንዲን በሁለተኛው ዓመት ያባርራቸው ነበር። ድህነታችን ካለ እዚህ ላይ ነው፤ ከገንዘብ ማጣታችን ይልቅ አለመታገሳችን ይገድለናል።

«ዳቦ ይቅደም» የሚሉም አሉ። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ የሚጠጣ ልጅ ጥርሱ የሚበልዘው፣ ሲብስም አጥንቱ የሚጣመመው ዳቦ ስላጣ ነው እንዴ? የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ያለው ፍሎራይድ በውኃው ውስጥ ስለበዛ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከስፔን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የአገራችንን ዚዮላይት (በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ማዕድን) በናኖ መጠን ሃይድሮክሲአፓታይት አልብሰው ፍሎራይድን እንዲይዝ አድርገዋል። ጥርስና አጥንታችን የተሠሩበት ማዕድን የዚሁ የሃይድሮክሲአፓታይት ዓይነት ነው፤ ፍሎራይዱም የሚይዘው እሱን ነው። ስለዚህ የልጁን ጥርስ ከማግኘቱ በፊት ማጣሪያው ላይ ይቀራል። ቅንጦት የተባለው እንግዲህ ይህ ነው።

ለአንድ የናኖ ቡድን የአሥር ዓመት በጀት ይፈረምለት። ያዘዘው ኬሚካል ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ለወራት አይቀመጥ። ፕሮፌሰሩም ሳምንቱን በሙሉ በክፍለ ጊዜ ብዛት አይጠመድ። ኃላፊው በሚቀጥለው የበጀት ውይይት ይህን ይዘው ይቅረቡ፤ ይህን ካልቻሉ ስለ ኬሚስትሪ መናገሩን ለኬሚስቶች ይተዉላቸው።