እርማት፦ ነጭ እጀታ ሁሉ የዝሆን ጥርስ አይደለም

ወንድሜ፣ ስለ አያትህ ታጣፊ ምላጭ «እጀታው የዝሆን ጥርስ መሆኑን በጋለ መርፌ ወግተህ አረጋግጥ» ብለውሃል። ኧረ ተው! በፈረንጆቹ ከ1870ዎቹ ወዲህ ብዙ ነጭ እጀታ የተሠራው ሴሉሎይድ ከሚባል የድሮ ፕላስቲክ ነው። እሳት ሲነካው ቦግ ይላል።

እኔ የራሴን የለየሁት ጣና ዳር ቡናዬን እየጠጣሁ ነው። በአውራ ጣቴ እስኪሞቅ አሸሁትና አሸተትኩት። ካምፎር ሸተተኝ፣ ልክ እንደ ቪክስ። እጀታው ላይ ያሉት መስመሮችም በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ። የእውነተኛው የዝሆን ጥርስ መስመሮች ግን ጫፉ ላይ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ።

ሌላም ጣጣ አለው። ሴሉሎይድ ሲበላሽ የሚያወጣው ጋዝ ብረቱን ለዝገት ይዳርገዋል። ስለዚህ አጥፈህ ሳጥን ውስጥ አትቆልፍበት። እጀታው መሰነጣጠቅ ከጀመረ በቀንድ አስቀይረው። ቀንድ እንደሁ ባሕር ዳር አይጠፋም።