ቤተሰብ ትርፍ ሰዓት አይጠይቅም

ደመወዝ ብቻ የሚከፍል መሥሪያ ቤት በዚህ ዘመን ፋራ ነው። ጎንደር ላይ «ጌም ስቱዲዮ ተቀጠርኩ»፣ ማለትም የኮምፒውተር ጌም የሚሠራ ድርጅት ገባሁ፣ የሚል ልጅ «ስንት ይከፍሉሃል?» አይባልም። «ጆተኒ አላችሁ?» ነው የሚባለው። አለን! የአንዱ በረኛ ጭንቅላት ተሰብሯል እንጂ አለን። ፕሌይስቴሽን አለን። ቡናው ነፃ ነው። የተቀመጠበትን ሰው የሚውጥ፣ ትራስ የመሰለ ወንበርም አለን። እዚያ ላይ ተቀምጦ ጭማሪ የጠየቀ ሰው እስከ ዛሬ አልታየም። መጀመሪያ መነሳት አለበታ!

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ፍቅሩ ነው። አለቃው ገና በመጀመሪያው ቀን «እኛ ድርጅት አይደለንም፣ ቤተሰብ ነን» ይላል። እውነቱን ነው። አባቱን የትርፍ ሰዓት ሒሳብ የሚጠይቅ ልጅ የት አገር አለ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ትርፍ ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት 1.5 እጥፍ፣ ከዚያ በኋላ 1.75፣ በሕዝብ በዓል ደግሞ 2.5 እጥፍ ይከፈላል። ሕግ አውጪው ጆተኒያችንን ስላላየ አይፈረድበትም።

በጥምቀት ሰሞን «ጌሙ ሊወጣ ነው፣ ማንም እንዳይቀር» ተባለ። ዓለም በአውሮፕላን ተሳፍሮ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ይመጣል። ቤተሰቡ ፒያሳ ፎቅ ላይ መጋረጃ ዘግቶ ስለ ጥምቀት ጌም ይሠራል። ታቦታቱ ሲያልፉ አንዱ መስኮት ከፈተ። ሊሳለም እንዳይመስላችሁ፤ እልልታውን በስልኩ ቀድቶ ጌሙ ውስጥ ሊያስገባ ነው። የበዓሉ ክፍያም አልቀረም። ሕጉ ሁለት ተኩል ይል የለ? ሁለት ፒዛ ተኩል መጣ። የጎደለችውን ግማሽ አለቃው መንገድ ላይ ቀምሷት ነው።

ሥራው ራሱ ጨዋታ ነው። አንድ ሞካሪ አለ፤ ቀኑን ሙሉ የጌሙን ፈረሰኛ ከፋሲል ግንብ ግድግዳ ጋር ያላትማል። አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ፣ ድው። አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ፣ ድው። ፈረሱ ድንጋዩን አልፎ ከገባ ይጽፋል። ፕሮግራመሩ ያስተካክላል። ከዚያ ሌላ ቦታ ተበላሽቶ እንደሆነ ለማየት እንደገና ከመጀመሪያው ድንጋይ፣ ድው። እናቱ ለጎረቤት «ልጄማ ታድሎ፣ ሲጫወት ውሎ ይከፈለዋል» ይላሉ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደግሞ ይደውሉለታል፤ «የኔ ዓለም፣ ጨዋታው አሁንም አላለቀም?»

ፈረንጆቹ በዚህ ይቀድሙናል፤ ብልግናውም ከእነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ኤሌክትሮኒክ አርትስ በተባለ የአሜሪካ ጌም ኩባንያ የሚሠራ የአንድ ሰው እጮኛ ሰውዬው ቤት መግባት እንደተወ ለዓለም ጻፈች። በዚያው ዘመን ሠራተኞቹ በትርፍ ሰዓት ክስ መሥርተው ነበርና ኩባንያው ለምስል ሠሪዎቹ 15.6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። አባቱን ፍርድ ቤት የሚያቆም ልጅ! ማይክሮሶፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከጌም ክፍሉ 1,900 ሰው እንደሚቀንስ አስታወቀ። ምን ይደረግ፣ ቤት ሲጠብ የሚወጣው ልጅ ነው እንጂ አባት አይደለም።

የእኛም ቤት ሰሞኑን ሁለት ልጅ ወጥቶለታል። አንዱ በጤና፣ አንዱ በጠብ። ስማቸው ጌሙ ሲያልቅ ከሚያልፈው የሠሪዎች ዝርዝር ውስጥ ተነሥቷል፤ ኮብላይ ልጅ መቼም አይወርስም። በምትካቸው ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ ለጌም ልዩ ፍቅር ያለው፣ በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል፣ ማታ ቤቱ የሚጠብቀው ሰው የሌለ። የሥራ ልምድ ሦስት ዓመት። ደመወዝ በስምምነት። ጋቢ ይዞ ለሚመጣ ቅድሚያ እንሰጣለን።