ሹም ሽር በኡቡንቱ

የኮምፒውተራቸውን ፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋውን) በሹም ሽር የሚያስተዳድሩ ወገኖች እስከ ዛሬ የሚገባቸውን ምስጋና አለማግኘታቸው ያሳዝናል። ኡቡንቱ 22.04 የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ፓይተን 3.10ን ይዞ፣ የራሱንም የውስጥ ሥራ በእርሱ ላይ አደላድሎ ሲቀርብላቸው፣ እነዚህ ቆራጦች ቁጥሩን ገና እንዳዩ ያፍራሉ፤ 3.12 ከወጣ በኋላ በ3.10 መታየት ለእነርሱ ባደፈ ነጠላ ሠርግ ቤት እንደ መግባት ነውና።

ፈሪው ፕሮግራመር እንዲህ ባለ ጊዜ አዲሱን ስሪት ከአሮጌው ጎን ይጭንና ለያዘው ፕሮጀክት ብቻ የሚያገለግል፣ «ቬንቭ» የተባለ የተለየ የፓይተን ማደሪያ ይፈጥራል። ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ከፓይተን 3.3 ጀምሮ የቋንቋው አካል ሲሆን፣ የሚጠይቀው የአንድ መስመር ትእዛዝ፣ የሚነካውም አንድ ፎልደር ብቻ ስለሆነ ለታላቅ ሰው አይመጥንም። ጀግናው የአስተዳዳሪ ሥልጣን በሚሰጠው በ«ሱዶ» ትእዛዝ ይጀምራል፤ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ፣ «አፕዴት-ኦልተርኔቲቭስ» በተባለው ትእዛዝ «ፓይተን3» የሚለውን ስም ከነባሩ ነጥቆ ለአዲሱ ያስረክባል። ስሪቱን ሲጠይቅ 3.12 የሚል መልስ ያገኛል፤ ስክሪንሾት ያነሣል፤ ለወዳጆቹ ይልካል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ በእርግጥ የኡቡንቱ ጥፋት ነው። አዲስ የሶፍትዌር ምንጭ የሚጨምረው ትእዛዝ ራሱ በፓይተን የተጻፈ መሆኑን፣ የሚንተራስበትም «አፕት_ፒኬጂ» የተባለው ሞጁል ለ3.10 ኮምፓይል የተደረገ በመሆኑ ከአዲሱ ሹም ጋር እንደማይግባባ ማን ይጠረጥራል? ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ተርሚናሉን፣ የሚያስነሣው አጭር ፕሮግራም እንኳ በፓይተን የተጻፈ ስለሆነ፣ ጀግናው የሠራውን ሊመልስ የተርሚናሉን ምልክት ቢጫን ምንም አይከፈትለትም። የቀደሙትንም አንርሳ፤ ሴንትኦኤስ 7 በተባለው ሌላ ሥርዓት ላይ «ፓይተን» የሚለውን ስም ለፓይተን 3 የሾሙት አባቶቻችን፣ በፓይተን 2 የተጻፈውን የሶፍትዌር መጫኛ «ያም»ን በአንድ ጀምበር በሰዋስው ስሕተት አፉን አስይዘውታል።

የሥርዓቱ አዘጋጆች ይህን ጀብዱ ለማሰናከል መሞከራቸው አልቀረም። ኡቡንቱ ከ23.04 ወዲህ የፓይተን ጥቅሎች መጫኛው «ፒፕ» በሥርዓቱ ፓይተን ላይ ጥቅል እንዳይጭን ከልክሎ ቬንቭ ፍጠሩ ይላል፤ ክልከላውን ለሚያልፍ ሰው የተተወው አማራጭም «ብሬክ-ሲስተም-ፓኬጅስ» ተብሎ፣ የሚያደርሰው ጉዳት በግንባሩ ላይ ተጽፎበታል። ጀግኖቻችን ግን ያንን ረጅም ማስጠንቀቂያ አንድ ፊደል ሳይስቱ በእጃቸው ጽፈው «ኢንተር»ን ይመታሉ።

ከሁሉ የሚልቀው ቸርነታቸው ነው። አንድ ጀማሪ «አዲሱን ፓይተን ዲፎልት ለማድረግ ምን ልሥራ?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ለምን እንደፈለገው በመመርመር አያጉላሉትም፤ ሁለቱን የሱዶ መስመሮች ወዲያው ይለጥፉለታል። በማግሥቱ «ተርሚናሌ አልከፍት አለኝ» ብሎ ሲመለስም ፊት አይነሡትም፤ ፎርማት እንዲያደርገው ይነግሩታል።