ዘፋኙን መቅጣት ስለሚቀል ነው

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ነው። ከሜክሲኮ ሲቲ ብዙም በማትርቀው ቴስኮኮ ዓመታዊው የፈረስ ፌስቲቫል ደምቋል። ሉዊስ ኮንሪኬዝ የሚባለው ዘፋኝ መድረክ ላይ ወጣና ዛሬ ናርኮኮሪዶ አልዘፍንም አለ፤ የዕፅ አዘዋዋሪዎችን ጀብድ የሚተርኩትን ዘፈኖች ማለቱ ነው፣ ባለሥልጣናት በሕዝብ በዓላት ላይ እንዳይዘፈኑ ከልክለዋልና። ታዳሚው ጮኸ። ያገኘውን ወረወረ። መድረኩ ላይ ወጥቶ የባንዱን መሣሪያዎች ሰባበረ።

ክልከላው ከምን እንደመጣ አውቃለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት በሃሊስኮ ግዛት፣ አንድ ባንድ ሲዘፍን ያኔ የካርቴል (የዕፅ አዘዋዋሪ ቡድን) አለቃ የነበረው የኤል ሜንቾ ምስል በትልቅ ስክሪን ታይቷል። በዚያው የማርች ወር፣ በዚያው ግዛት፣ የጠፉ ልጆቻቸውን የሚፈልጉ ቤተሰቦች አንድ እርሻ ውስጥ የተቃጠለ አጥንትና ክምር ጫማ አግኝተዋል። እዚያ ክምር ውስጥ የልጇን ጫማ የፈለገች እናት ያንን ምስልና ጭብጨባ ስታይ ምን ይሰማታል? እኔ ሳስበው ራሱ ያመኛል።

ግን ክልከላው ለእሷ ምንም አላደረገላትም። አዲስ ነገርም አይደለም። ሲናሎዋ ግዛት በ1987 ዘፈኖቹን ከሬዲዮ አስወጣች፤ በካሴት እየተባዙ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። በ2011 ደግሞ ከቡና ቤቶች አገደቻቸው። የቲዋና ከተማ በ2023 ቅጣቱን እስከ 1.2 ሚሊዮን ፔሶ አደረሰችው። ዘፈኑ ዛሬም በየወጣቱ ስልክ ውስጥ አለ።

ኮሪዶ፣ ታሪክ የሚተርከው የሜክሲኮ ዘፈን፣ ከካርቴሎቹ በፊት የነበረ ነው። እኛ ጋ አዝማሪ የአገሩን ወሬና የጀግናውን ስም ይዞ እንደሚዞር ሁሉ፣ ሜክሲኮዎችም የአብዮታቸውን ዘመን ታሪክ በኮሪዶ ነው የተቀባበሉት። የዛሬው ዘፋኝ ደግሞ መሀል ላይ ነው ያለው፤ ቢዘፍን ማዘጋጃ ቤቱ ይቀጣዋል፣ ባይዘፍን ታዳሚው ይደበድበዋል፣ ከዚያ የባሰም አለ። የኮሪዶ ዘፋኙ ቻሊኖ ሳንቼዝ በ1992 በሲናሎዋ ዋና ከተማ ኩሊያካን ላይ ከኮንሰርት ሲወጣ ተወስዶ ተገደለ። ገዳዩ እስከ ዛሬ አልተያዘም።

ማዘጋጃ ቤት በሕዝብ ገንዘብ ማንን እንደሚጋብዝ ይምረጥ፣ በዚህ አልከራከርም። ፕሬዚዳንት ሼንባውም ራሳቸው ክልከላን እንደማይደግፉ ተናግረው፣ ዓመፅን የማያወድሱ ዘፈኖች የሚወዳደሩበት መድረክ አስጀምረዋል። ይሄ ይሻላል። ከ100 ሺህ በላይ ሰው በጠፋበት አገር እናቶች ዛሬም አካፋ ይዘው በየሜዳው ይቆፍራሉ። ኮንሰርት ላይ ግጥም የሚቆጣጠር ሠራተኛ የሚመድብ ከንቲባ፣ ያንን ሠራተኛ ከእነሱ ጋር ይላከው።