መያዣችንን ለያዙልን ሁሉ የቀረበ ምስጋና

ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ኮምቦልቻ ተዛውሮ፣ የውሉ ዘመን ሳያልቅ የለቀቀውን የደሴ ቤት መያዣ ሊቀበል ሄደና በገንዘቡ ፋንታ በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ሂሳብ ይዞ ተመለሰ። በሂሳቡ መሠረት አከራዩ ዘንድ የተቀመጠው የሁለት ወር ኪራይ በቀለም፣ በእርጥበት፣ በአንድ የበር እጀታ፣ «ቤቱ ባዶ ለሚቆይበት» እና «ልዩ ልዩ» በሚሉ ርዕሶች እየተቀነሰ አልቆ፣ ባልደረባዬ ተጨማሪ 350 ብር ዕዳ ተገኝቶበታል። ዕዳውን ግን አከራዩ ስለ ጉርብትና ብለው ምረውታል። ቤት ተከራይቶ የለቀቀ ሰው በዚህ እንደማይደነቅ ስለማውቅ ማብራሪያ አልጨምርም፤ እኔም አልተደነቅሁም። የቆጨኝ፣ ይህን ያህል ለሚደክሙልን ሰዎች እስከ ዛሬ በጽሑፍ ምስጋና ያቀረበላቸው አለመኖሩ ነው።

ተከራይ በተፈጥሮው ገንዘብ መያዝ የማያውቅ ፍጡር ነው። ኪሱ ውስጥ ቢተውለት ለጤፍ፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ለመድኃኒትና ይህን ለመሳሰለ ተራ ነገር ያባክነዋል። ይህን የተረዱ አከራዮቻችን ገና ቁልፉን ሳያስረክቡ የሁለት ወር፣ የሦስት ወር፣ እጅግ አዛኝ የሆኑቱ ደግሞ የስድስት ወር ገንዘብ ተቀብለው ከራሳችን ያድኑናል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድመ ክፍያ እንዳይጠይቅ፣ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ኪራይም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል መደንገጉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ደግነት በአዋጅ አይገታም። «እሱ የአዲስ አበባ ሰዎች ጣጣ ነው፤ እኛ እዚህ የምንኖረው በመተማመን ነው» ብለው ገንዘቡን በእጃቸው ይቀበላሉ፤ መተማመናችን እንዳይደፈርስም ደረሰኝ ከመስጠት ይቆጠባሉ።

ፍቅራቸው ግን በደንብ የሚገለጠው ልንለቅ ነው ባልን ዕለት ነው። እስከዚያ ድረስ «ልጄ» ነበርን፤ ቡና ሲፈላ ተጠርተናል፣ ለበዓል ዳቦ ተቆርሶልናል፣ ወሎዬ እንግዳ አክባሪ ነው የሚባለውም ከንቱ ወሬ እንዳልሆነ በዐይናችን አይተናል። «እማማ፣ ሥራዬ ወደ ኮምቦልቻ ስለተዛወረ በውሉ መሠረት የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ልስጥዎ» ያልን ዕለት ግን «ልጄ» መሆናችን አብቅቶ እዚያው ፊታቸው ቆመን «ተከራዩ» እንባላለን። «ተከራዩ እኮ ሊሄድ ነው አሉ» ይላሉ ለጎረቤት፣ እኛ እየሰማን። በማግስቱ ማለዳ ደላላው ሁለት ቤት ፈላጊዎች አስከትሎ፣ ብርድ ልብሳችንን ሳንገፍ፣ የተኛንበትን ክፍል እንደ ሙሽራ ያስጎበኛል። «ፀሐይ በደንብ ያገኛል፣ ውሃው አይጠፋም፣ ሰውዬውም ሰሞኑን ይወጣል» እያለ ሲያስረዳ ከአንገታችን ቀና ብለን ሰላምታ መስጠት የጨዋነት ግዴታችን ነው።

ከውለታዎቻቸው ሁሉ ግን የቀለሙን የሚያህል የለም፤ ስለዚህም ረዘም አድርጌ ብጽፍበት አንባቢ እንደሚታገሠኝ አምናለሁ። በከተማችን አንድ ግድግዳ አለ። የማን ቤት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ማንም አንባቢ ተከራይቶት የነበረውን ቤት ግድግዳ በዐይነ ኅሊናው ቢያመጣ አይሳሳትም። በዚህ ግድግዳ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሣለች አንዲት ላም አለች። ላሟን የሣላት የመጀመሪያው ተከራይ፣ የአስተማሪው ልጅ ነው። አስተማሪው ሲለቅ የልጁን ጥፋት አምኖ ለሙሉ ክፍሉ ቀለም፣ ለቀለም ቀቢው የቀን አበል፣ ለቀቢው ምሳ፣ እንዲሁም ቀደም ብሎ በራሱ ገንዘብ ላወጣው ዕቃ «ማስወጫ» ከመያዣው ተቀንሶበት በሰላም ሄደ። ላሟ ግን አልሄደችም።

ሁለተኛው ተከራይ የባንክ ሠራተኛ ነበር፤ የቀን መቁጠሪያ የሚሰቅልባት አንዲት ምስማር ስለመታ የሙሉ ክፍል ቀለም ከፈለ። ሦስተኛው ምስማርም አልመታ፣ ምንም አልሣለ፤ ሲጋራም አያጨስ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው በምን መቅጣት ይቻላል ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አከራይ ሆኖ አያውቅም፤ ላሟን ሣልክ ተብሎ የሙሉ ክፍል ቀለም ከፈለ። ዐራተኞቹ ሙሽሮች ነበሩ፤ ጥፋታቸው የቡናና የዕጣን ጢስ ሲሆን፣ ያንን ቡና ሦስቱንም ዙር በየማለዳው አብረው ይጠጡ የነበሩት አከራይዋ ራሳቸው ናቸው። አምስተኛው የሚሌን መንገድ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ሆኖ በወር ውስጥ ቤቱ የሚያድረው ጥቂት ቀን ስለነበር፣ «ሰው የማይኖርበት ቤት ያረጃል» ተብሎ የእርጅናውን ቀለም ከፈለ። ስድስተኛዋ ነርስ ስትለቅ፣ ከመስኮቱ ሥር የምትታየው ላም ስትገባ እንደነበረች ለማስረዳት ሞክራ ነበር፤ «እኛ ዐሥር ጊዜ ያስቀባነውን ግድግዳ!» ብለው ስለተቆጧት አፍራ ከፈለች።

እያንዳንዱ ተከራይ የከፈለው ሁለት እጅ ቀለም በእርግጥ ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ክፍል በየዓመቱ እየጠበበ ሄዶ ዛሬ ቁም ሣጥን የማያስገባ፣ ነገ ደግሞ ሰው በጎኑ ብቻ የሚገባበት ይሆን ነበር። አከራይዋ ግን ስለ ተከራዮቻቸው ምቾት ስለሚያስቡ ብሩሽ ግድግዳው አጠገብ እንዲደርስ አልፈቀዱም። የቀለሙ ጣሳ መኖሩን ማንም ሊክድ አይችልም፤ ክዳኑ የዛገ፣ ለሁሉም ተከራይ እንደ ማስረጃ የሚቀርብ አንድ ጣሳ ነው። ላሟን ለማጥፋት እስካሁን በተከፈለው ገንዘብ እውነተኛ ላም ከነጥጃዋ ይገዛ ነበር። የሣላት ልጅ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ላሟ አምስት እግር አላት ወይስ አምስተኛው ጭራዋ ነው በሚለው ላይ ተከራዮቹ ቢገናኙ ሊከራከሩ ይችሉ ነበር፤ አከራይዋ ግን ሲገቡም ሲወጡም አያገናኟቸውም፤ ይህም ታላቅ ጥበብ ነው። ሰባተኛው ተከራይ ባለፈው ወር ገብቷል፤ ቁልፉን ሲቀበል «ይህቺ ምንድን ናት?» ብሎ ሲጠይቅ «ምንም አይደለችም ልጄ፣ ሰሞኑን እናስቀባታለን» ተብሏል።

የአየር ንብረቱም ቢሆን በተከራይ ሂሳብ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ክረምት በገባ ቁጥር ጉሙ ወርዶ ግቢውን ይሞላዋል፣ ግድግዳውም ያልበዋል። ይህን ለዘመናት የሚያውቁ አከራዮች ተከራይ በለቀቀ ዕለት ብቻ ይገረማሉ፤ ሻጋታውን በጣታቸው እየነኩ «ይህን እርጥበት ከየት አመጣኸው?» ይላሉ። ጉሙን ከነሻንጣው ይዞት እንደመጣ የተረጋገጠበት ተከራይ፣ የሐረጎን ተራራ መንገድ ጠምዝዞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ ሲከራይ ደግሞ እዚያ ፀሐዩ ይጠብቀዋል። ሲለቅ የመጋረጃው ዘንግ አጠገብ ያለው ቀለም ደብዝዞ ይገኛልና፣ ለፀሐዩ ይከፍላል። እንግዲህ አንድ ሰው በላይ እርጥበትን፣ በታች ሙቀትን የማምጣት ኃይል ካለው፣ በአንድ ቤት ኪራይ ምክንያት የሚንገላታው ለምንድን ነው?

የ«ባዶ ወር» ቅነሳን ግን ማመስገን አልቻልሁም፤ ሞክሬያለሁ፣ አልሆነልኝም። ተከራይ የውሉን ዘመን ሳይጨርስ ሲወጣ አከራይ ሊጎዳ እንደሚችል ይገባኛል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1731 በሕግ የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው ይላል፣ ልክ ነው። ቤቱ እውነት አንድ ወር ባዶ ከቆየ የዚያን ወር ኪራይ መጠየቅ ያስኬዳል። ነገር ግን እኛ ፍራሻችንን ባጃጅ ላይ ሳንጭን አዲሱ ተከራይ ዕቃውን በር ላይ አውርዷል፤ እኛ ከምንከፍለው በላይ ከፍሏል፤ የእሱም መያዣ እዚያው እጅ ገብቷል። ቤቱ አንዲት ሌሊት ባዶ አላደረም! ታዲያ ያንን ወር ሁለት ጊዜ መሸጥ ምን ይባላል? ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2162 ጀምሮ አላግባብ ስለ መበልጸግ የሚናገረው እንዲህ ላለው ሰው ነው፤ በመንደር ቋንቋ ግን ስሙ ያጠረ ነው፣ ሌብነት ይባላል። የሚያንገበግበኝም ገንዘቡ ከማን እንደሚወሰድ ሳስብ ነው። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቀጥራ ከደሴ የምትወርድ ወጣት አዲሱን ቤት የምትይዘው በአሮጌው ቤት መያዣ ነው፤ ሌላ ጥሪት የላትም። መያዣዋ «ቅዳሜ ነይ»፣ «ልጄ ከዐረብ አገር ሲልክ»፣ «አዲሱ ሰው ሲከፍል» እየተባለ ሲንከባለል፣ እርሷ ዘመድ ቤት መሬት ላይ ታድራለች። ገንዘቡ ግን ተበልቷል፤ የግቢው አዲስ ሰርቪስ ቤት ጣሪያ ሆኗል፤ በዚያው ሰርቪስ ቤትም ሌላ ተከራይ፣ ሌላ መያዣ ገብቷል።

ወደ ምስጋናው ልመለስ። የሽማግሌዎቻችን ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም። ተከራይ አልዋጥ ብሎት ነገሩን ለሽማግሌ ሲያቀርብ፣ ጉባኤው የሚቀመጠው በአከራዩ ሳሎን፣ የሚጠጣውም የአከራዩ ቡና ነው፤ ሽማግሌዎቹም በሙያቸው አከራዮች ናቸው። ግራ ቀኙን ካዳመጡ በኋላ «አንተ ወጣት ነህ፣ ሠርተህ ታገኘዋለህ፤ እሳቸው ግን የሚጦራቸው ይህ ቤት ብቻ ነው» ብለው ይፈርዳሉ። የሚጦሩት ሰው ሦስት ቤት እንዳላቸው መጥቀስ ነውር ስለሆነ ማንም አይጠቅሰውም። ከዚያ ምርቃት ይወርዳል፣ ተከራዩም «አሜን» ይላል፤ ለምርቃቱ እስካሁን የተቀነሰ ሂሳብ አላጋጠመኝም።

አድሏል እንዳልባል ለተከራዮችም የሚገባቸውን ልስጥ። ከእኛ መካከል መያዣ እንደማይመለስ አስቀድመው የተረዱ ብልሆች አሉ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወሮች ኪራይ ባለመክፈል መያዣቸውን ኖረው ይጨርሱታል። በጎነታቸው በዚህ አያበቃም። የመብራትና የውሃ ሂሳብ ሳይከፍሉ፣ አምፖሉን ከነመያዣው፣ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከነክዳኑ ነቅለው በሌሊት ይሄዳሉ፤ ቀጣዩ ተከራይ ሲመጣ አከራዩ ባለፈው ስለተጎዱ መያዣው ወደ ሦስት ወር ከፍ ማለቱ ይነገረዋል። እነዚህ ወንድሞቻችን ባይኖሩ ኖሮ አከራዮቻችን ለተጨማሪው ወር ምክንያት ፍለጋ ይደክሙ ነበር።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔ አለው የሚሉ፣ ነገር የሚያቀሉ ሰዎች አይጠፉም። ሲገቡም ሲወጡም የርክክብ ዝርዝር ይጻፍ ይላሉ፤ የግድግዳው ሁኔታ፣ የበርና የመስኮቱ ብዛት፣ የቆጣሪው ንባብ ይስፈርበት፤ ሁለቱም ይፈርሙ፤ በስልክም ፎቶ ይነሣ፤ መያዣው በባንክ ይግባ፣ በስንት ቀን እንደሚመለስም በውሉ ይጻፍ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ያቀረበው ተከራይ ግን ወዲያው «አታምነኝም እንዴ ልጄ?» ይባላል፤ ማታውኑ ደላላው ዘንድ «ያ ጠበቃ ቢጤ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ከሸዋ በር ሰፈር እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የነበረው ባዶ ቤት ሁሉ በአንድ ሌሊት ይያዛል። እንደ እኔ ግን አከራዮቻችን ዝርዝሩን ሊፈሩት አይገባም። በቅንነት ይፈርሙ፣ ላሟንም በስሟ ያስመዝግቡ፤ የወረቀቱን፣ የፎቶ ኮፒውንና የእስክሪብቶውን ዋጋ እንደ ደንቡ ከመያዣው ቢቀንሱት የሚከለክላቸው የለም።