ግልጽ ደብዳቤ ለ«አብሽሩ፣ ታደርሰናለች»

ይድረስ ለክቡር «ታደርሰናለች»፤
ባሉበት፣ ማለትም በየሾፌሩ ምላስ ላይ።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ትናንት ሐረጎ ዳገት ላይ ተገትሬ ከመዋሌ በስተቀር፣ አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።

ከኮምቦልቻ ደሴ ልወጣ ሚኒባስ ጋቢና ገባሁ። ማደያው ሰልፍ ስለነበረበት ሾፌሩ ዝም ብሎ አለፈው። የነዳጅ መርፌዋ ቀዩ ላይ ተኝታለች። ቢጫዋ መብራት በርታለች። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት አንገታቸውን አስግገው «ልጄ፣ ይቺ መብራት ምንድን ናት?» አሉ።

«እማማ፣ እሷ ሁልጊዜም ትበራለች።»

ከዚያ መስታወቱን በጣቱ ቸብ ቸብ አደረገው። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። ይሄኔ እርስዎ ከተፍ አሉ፦ «አብሽሩ፣ ታደርሰናለች!»

ከ500 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚያስወጣ መንገድ እኮ ነው! መኪናዋ አፍንጫዋን ስትሰቅል ታንከሯ ውስጥ የቀረችው ጭላጭ ወደ ኋላ ሸሸች። ሁለቴ ሳለችና ዝም አለች። ረዳቱ ባዶ ሃይላንድ ይዞ ቁልቁል ሮጠ።

መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ስልኬን ስጎረጉር ሌላ ሥራዎን ደረስኩበት። ለካ አውሮፕላንም ያበራሉ! የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2017 እ.ኤ.አ. ማሳሰቢያ አውጥቶብዎታል። ከ2011 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ከነዳጅ አያያዝ ጋር የተያያዘ የአነስተኛ አውሮፕላን አደጋ በአማካይ በዓመት ከ50 በላይ ነበር። ማሽኑ ነው እንዳይሉ፣ 95 በመቶው የሰው ጣጣ ነው። አንዱ ታንከር ሞልቶ ሳለ የነዳጅ መቀየሪያውን ወደሱ ማዞር ረስተው ሞተር የሚጠፋባቸውም አሉ። ጎተራ ሙሉ እህል ተደግፎ በረሃብ መሞት ማለት ይሄ ነው።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለው አደጋ ከደረሰባቸው አብራሪዎች ተማሪዎቹ 2 በመቶ ብቻ ናቸው። ግማሽ ያህሉ የሙያ ፈቃድ ያላቸው ናቸው። ተማሪ ይፈራላ! ጠቋሚውን አያምንም፤ ክንፍ ላይ ተንጠላጥሎ ታንከሩ ውስጥ መለኪያ ዘንግ ይከታል። እርስዎ የሚወዱት የበሰለውን ነው። የእኛም ሾፌር «ሃያ ዓመት ነድቻለሁ» ሲል ነበር።

እዚያው አሜሪካ፣ ውጭውን በዓይኑ እያየ የሚበር አብራሪ መድረሻው ደርሶም ቀን ለ30፣ ሌሊት ለ45 ደቂቃ የሚበቃ ነዳጅ እንዲተርፈው ሕጉ ያስገድደዋል። እርስዎ ያቺን ትርፍ ከመንገዱ ስንቅ ጋር ይደምሯታል። ሐረጎ ላይ እንኳ ዳር ይያዛል፣ ጎማ ሥር ድንጋይ ይደረጋል። ሰማይ ላይ ከየት ድንጋይ ሊመጣ?

ረዳቱ ላቡ በላቡ ሆኖ ሁለት ሊትር ቤንዚን ይዞ መጣ። ሾፌሩ ግማሹን ቀዳ። ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ ዘጋና ሃይላንዱን ወንበሩ ሥር ወሸቀው።

«የቀረውስ?» አልኩት።

«እሱ ለመልስ ነው። አብሽር!»